በአባት ሥዕል ላይ

ዘርአ ዳዊት ኢጣሊያ አገር፣ ፍሎሬንስ ከተማ ዓመታት ተቀምጦ ሲመለስ የአንኮበር ዳገት እንደ ዱሮው አልሆነለትም። ከደብረ ብርሃን የተከራየው በቅሎ አጥንቱን ቢያደቀው ወርዶ በእግሩ ሞከረ፤ እሱም አላዋጣውም። ድካሙ ግን ከባሕር ማዶ አብሮት የመጣ ነበር።

የሠዓሊው የመሪጌታ ወልደአረጋይ ልጅ ስለሆነ ይሆንለታል ተብሎ ነው መንግሥት ለትምህርት የላከው። እዚያም በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ፊት ቆሞ የጥላና የብርሃን አጣጣል፣ የሥጋ ቀለም ተማረ። ክረምቱን በቀዝቃዛ ክፍል ጣቱን በትንፋሹ እያሞቀ ሣለ። ሊጨርስ ሲል መምህሩ ሥራዎቹን አየለትና፣ እንዲህ የሚሥል በዚህ ከተማ ሞልቷል፣ ይልቅ የአባትህን አሣሣል አሳየኝ አለው። ቢሞክር እጁ እንቢ አለ። ያ ደማቅ ጥቁር መስመር፣ ያ ትልልቅ ዓይን ጠፍቶበታል። ወረቀቱን ቀዶ፣ ከአባቴ እንደገና እማራለሁ ብሎ አገሩ ገባ።

ቤት ሲደርስ የአባቱን ዓይን ሞራ ጋርዶት አገኘው። አልታየች የምትባለው እህቱ እጃቸውን ይዛ ነበር የምትመራቸው። ስለ ሕመማቸው አንድም ቀን አልጻፉለትም።

በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ የደብሩ አለቃ ኪዳነ ማርያም ዘርአ ዳዊትን ለብቻው ጠሩት። የመቅደሱ ሥዕል በጣራው ፍሳሽ ተበላሽቷልና አዲስ ሸራ ተለጥፎ እንዲሣልበት ሽማግሌዎቹ ተስማምተዋል አሉት። ከነጠላቸው ውስጥም አንድ የታተመ የእመቤታችን ሥዕል አወጡ፤ ጉንጯ ቀይ፣ ካባዋ ሰማያዊ።

«እንዲህ አድርገህ ሥራልን። አንተ ከምንጩ ጠጥተሃል።»

ዘርአ ዳዊት ሥዕሉን አወቀው። ፍሎሬንስ ከፊቱ ተገትሮ እያየ ሲገለብጠው የከረመው ነው። የመቅደሱ የግድግዳ ሥዕል ደግሞ የአባቱ የእጅ ሥራ ነው። እንዴት አድርጌ እሸፍነዋለሁ ቢል፣ አለቃው አንገታቸውን ደፍተው፣ መሪጌታን ጠይቀናቸው ፈቅደዋል አሉት።

ቤት ገብቶ አባቱን ጠየቃቸው። «እውነት ፈቀዱ?»

«እኔስ በማን ላይ የሣልሁ ይመስልሃል?» አሉ ሽማግሌው። «በመምህሬ በአባ ገብረመንፈስቅዱስ ሥራ ላይ ነው። ያኔ በሕይወት ነበሩ።»

«ምን አሉዎት?»

«ጥግ ጥጉን አጥብቀህ ለጥፍ፣ እርጥበት ይገባዋል አሉኝ።»

ዘርአ ዳዊት ግን ወዲያው አልጀመረም። ጾሙን ሙሉ በአባቱ ሥዕል ላይ ያለውን እያንዳንዱን ፊት በወረቀት ሲገለብጥ ከረመ። ደብተራዎቹ በየቀኑ እያዩት ያልፋሉ፤ አለቃውም መቼ ነው የምትጀምረው ማለታቸውን አልተዉም። የገለበጠው ሁሉ ሬሳ ይመስላል። ወገቡ ተቆረጠ፣ ልቡም ደከመ። በመጨረሻ ወረቀቱን ጠቅልሎ ከሣጥን ከተተና ሸራውን ለጠፈ፤ ጥግ ጥጉን አጥብቆ። ከዚያ ወዲያ ያዘዙትን ሣለ። ለእሱ ቀላል ነበር፤ ይህም አሳዘነው።

ሥዕሉ የተመረቀ ዕለት ሴቶቹ እልል አሉ። ሕዝቡ ወጥቶ ሲያልቅ አልታየች አባቷን አምጥታ ከሥዕሉ ፊት አስቀመጠቻቸው። ሽማግሌው የቀለሙን ሽታ ማጉ።

«ዓይኗ ወዴት ያያል?»

«ወደ ልጇ፣ አባዬ» አለ ዘርአ ዳዊት።

«ወደ እኛ አታይም?»

«የእርስዎዋ ነበረች ወደ እኛ የምታየው» አለ ዘርአ ዳዊት። መሪጌታም፣ «ይሁን፣ ልጇን ትይ» አሉ። ልጃቸውም አጠገባቸው ተቀመጠ።