ካውያ የያዘ እጅ

ኤይነር እሑድ ረፋድ ላይ ከፖሊስ ጣቢያ ተለቆ ሲመጣ፣ እናቱ ዴያኒራ ወንዙ ዳር ባለው የቤታቸው መሰላል ላይ ቁጭ ብላ የዓሣ ቅርፊት ትፍቅ ነበር። ከሩቅ ስታየው ልጇ አልመሰላትም። ኤይነር ደረቱን ነፍቶ ነው የሚሄደው፤ ይሄኛው ግን የተሰነጠቀ ማሰሮ እንደታቀፈ ሰው አንድ ጎኑን ይዞ፣ እየተጠነቀቀ ነው የሚራመደው።

«ምን ሆነህ ነው?» አለችው ቢላዋዋን ጥላ።

«ወደቅሁ እማ።»

«የት?»

«ደረጃ ላይ።»

በሳንታ ኢልዳ መንደር ከላይ እስከ ታች፣ መውደቅን እንደ ዴያኒራ የሚያውቅ የለም። ወጌሻ ናት። ከኮኮነት ዛፍ የወደቀ፣ ከጀልባ የወደቀ፣ ሰክሮ ከገዛ አልጋው የወደቀ፣ ሁሉም የሚመጣው ወደ እሷ ነው። ሸሚዙን ቀስ ብላ ስታወልቅለት በግራ ጎኑ፣ ከጎድኑ በታች፣ ጠቁረው ያበጡ ሰንበሮች ጎን ለጎን ተጋድመው አየች። ስፋታቸው የቆመጥ ስፋት ነው። ክንዱም በልዟል። የትም ቢወድቅ ሰው እንዲህ አይሰነበርም።

ነገሩ የመጣው ዓርብ ዕለት ነው። ከገበያው ወደብ የአንድ ነጋዴ የጀልባ ሞተር ጠፋ። ኤይነር በወንዙ ላይ መንገደኛ ያመላልሳልና ፖሊሶች ያዙት። «አምጣ» አሉት። የሌለውን ከየት ያምጣ? ዛሬ ጠዋት ሞተሩ በነጋዴው የወንድም ልጅ ቤት ተገኘ፤ እነሱም በሩን ከፍተው «ሂድ» አሉት። ይኸው ነው።

ዴያኒራ አላለቀሰችም። የእሷ ለቅሶ በእጇ ነው። ከመደርደሪያው ላይ ቅጠል የተዘፈዘፈበትን የሸንኮራ አረቄ አወረደች፣ መዳፏ ላይ አፈሰሰች፣ ከክንዱ ጀመረች። ኤይነር ዓይኑን ጨፍኖ እፎይ አለ። ክንዱን ጨርሳ ወደ ጎኑ ስትዞር አበልጇ ኤውፌሚያ እያለከለከች መሰላሉን ወጣች።

«እጅሽን አንሺ! በፈጠረሽ ዴያኒራ፣ እጅሽን አንሺ!»

«ምን ሆነሻል? ልጄን እያሸሁ እኮ ነው።»

«እሱን ነው የምልሽ! የእህቴን ልጅ ረሳሽው? አምና ሲደበድቡት አንቺው አሸሽው፣ አንቺው ቀባሽው፣ በአራተኛው ቀን ገላው እንደ ሕፃን ቂጥ ለሰለሰ። ሐኪሙ ጋ ስንደርስ ምን አለን? ‹ምንም አይታየኝም።› ልጁ ራሱ ውሸታም ተብሎ ተመለሰ!»

የዴያኒራ እጅ አየር ላይ ቀረ። አረቄው ከመዳፏ ጠብ ጠብ አለ።

ኤውፌሚያ ስልኳን አውጥታ ለድሃ በነፃ ለምትቆመዋ ጠበቃ ለማርሌኒ ደወለችላት። ጠበቃዋ ድምፅዋ የልጅ ነው፣ ነገሯ ግን የጠና።

«እትዬ ዴያኒራ፣ የተደበደበ እስረኛ ሕግ አለው። የመቱት በወንጀል ይጠየቃሉ። መንግሥትም ካሳ እንዲከፍል እንጠይቃለን። ግን ለሁለቱም መግቢያው አንድ በር ነው፤ ሐኪም ያየው ገላ። የመንግሥቱ ሐኪም ማክሰኞ በጀልባ ይመጣል። እስከዚያ አይሹት፣ አይቀቡት። ሸሚዙንም እንዳያጥቡት። ደም ከተፋ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ግን ክሱን ይተዉትና ቶሎ ሆስፒታል ያድርሱት፤ እሺ?»

«እሺ ልጄ» አለች ዴያኒራ። እሺ ማለት ቀላል ነው። እጅ ግን ጆሮ የለውም።

ያን ቀን ዓሣውን በሙዝ ቀቅላ አበላችው። በመረብ አልጋው ላይ አስተኝታ በዘንባባ ማራገቢያ አራገበችለት። እጇ ወደ ጎኑ ሲሄድባት መልሳ ብብቷ ውስጥ ትወሽቀዋለች። ትንፋሹን ታዳምጣለች፣ ምራቁ ደም እንዳለው ታያለች፣ አሁንም ታዳምጣለች።

«እማ፣ ትንሽ ብቻ እሺኝ» አላት።

«አይሆንም።»

«የጎረቤት ዶሮ እግር እንኳ ታሺያለሽ። እኔ ምን በደልኩሽ?»

«ዶሮዋ ክስ የላትም።»

ሳቁ ሲያመልጠው ጎኑን ያዘ። «አታስቂኝ እንጂ!» ቆይቶም ድምፁ ከበደ። «ክሱንም እኔ አልፈልገውም። በየቀኑ በጣቢያው ፊት ነው የምቀዝፈው። አንቺ አሽተሽ አድኚኝና ይለፍ።»

እውነቱን ነው፤ ዴያኒራም የምትፈራው ያንኑ ነው። ብትከስስ አንድ ቀን የልጇ ጀልባ ባዶዋን ትመጣ ይሆን? ባትከስስ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሞተር ሲጠፋ የሚይዙት ማንን ነው?

ሰኞ ሥራ ፈት እጅ አላስቀምጥ ሲላት ከሰል አቀጣጥላ ካውያውን አጋለች። የቤቱን ልብስ ሁሉ አወጣች። ቀሚሱን፣ አንሶላውን፣ ተኩሳ የማታውቀውን የወጥ ቤት ፎጣ ሳይቀር መተኮስ ጀመረች። ኤውፌሚያም አጠገቧ ተቀምጣ ልብስ ታጥፋለች። ከሰዓት በኋላ ከጣቢያው አስር አለቃ ኦቪዲዮ ጠርሙስ ይዞ ብቅ አለ። ከደጋ የመጣ ሰው ነው፤ ፈገግታው ቅቤ ነው።

«እንዴት ዋሉ እማማ! ልጁን ደረጃ ላይ አዳልጦት ሁላችንም አዘንን። ይቺን ጥሩ አረቄ ይዤልዎት መጣሁ። እጅዎ የተባረከ ነው ሲሉ እሰማለሁ። ግራ ጎኑን፣ ከጎድኑ በታች ያለውን በደንብ ይሹለት። ዛሬውኑ ቢሆን ጥሩ ነው።»

ዴያኒራ ካውያዋን አልለቀቀችም።

«እግዜር ይስጥልኝ አስር አለቃ። ግን ይኸው፣ ካውያ ይዣለሁ። ካውያ የያዘ እጅ አያሽም። ብርድ ይገባዋል፤ የእኔም እጅ ይጣመማል፣ የልጄም ጎን።»

«ይሄ ደግሞ የየት አገር ሕግ ነው?»

«የወንዙ ነዋ!» አለች ኤውፌሚያ። «አክስቴ ተኩሳ ስታበቃ አሽታ፣ ጣቷ እንደ ሸርጣን ጥፍር ተቆልምሞ ቀረ። ደጋ ላይ ይሄን አታውቁም?»

«እንግዲያው ነገ ይሹታል።»

«ነገም የምተኩሰው አለኝ» አለች ዴያኒራ።

አስር አለቃው የልብሱን ቁልል አየና ሳቀ። «የማን ልብስ ነው ይሄ ሁሉ? ሦስት ሰው አትሞሉ!»

ዴያኒራ ቀና ብላ የመስኮቱን መጋረጃ ፈታችና ካውያው ሥር ዘረጋችው። እሱም ጠርሙሱን ደፉ ላይ አስቀምጦ ሄደ።

ከዚያ ኤይነር ከመረብ አልጋው ላይ ተናገረ።

«እማ። ግራ ጎኔ መሆኑን ማን ነገረው?»

«እኔ አልነገርኩም።»

«ሸሚዜን ያወለቅሽው አንቺ ነሽ። ከአንቺና ከእትዬ ኤውፌሚያ በቀር ማንም አላየኝም።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ሲመቱኝ በሩ ላይ ቆሞ ያይ ነበር። ‹ፊቱን ተዉት› ያላቸው እሱ ነው። አሁን ደግሞ በአንቺ እጅ ሊያጠፋው መጣ።»

ዴያኒራ ካውያውን አቆመች።

«ነገ ሐኪሙ ጋ እሄዳለሁ» አላት።

ማክሰኞ ሐኪሙ ከከተማ በጀልባ መጣ፤ ወጣት ነው፣ ጫማው ረጥቧል። በጤና ጣቢያው ክፍል ውስጥ ኤይነርን አስቁሞ ሰንበሩ አጠገብ ማስመሪያ እየያዘ ፎቶ አነሳ፣ ለካ፣ ጻፈ። ክንዱ ላይ ሲደርስ አገላብጦ አየው።

«እዚህም ተመትቻለሁ ብለሃል?»

«አዎ። እናቴ አሽታኝ ነው የጠፋው።»

«የማየውን ብቻ ነው የምጽፈው።» ክንዱን ለቀቀው።

ዴያኒራ አንገቷን ደፋች። በገዛ እጇ ያጠፋችው ያ አንዱ ክንድ ሰውነቷን እንደ እሾህ ወጋት። አብራቸው የመጣችው ጠበቃዋ ማርሌኒ ጠጋ ብላ «የቀረው ይበቃል እትዬ» አለቻት በሹክሹክታ።

«እንዴት ሆነ ይሄ?» አለ ሐኪሙ።

ኤይነር እናቱን አየ። እናቱ ደግሞ እጇን አየች። ከዚያ ነገሩን ከዓርብ ጀምሮ፣ ማን እንደያዘው፣ ማን እንደመታው፣ ማን በር ላይ እንደቆመ ሳያቋርጥ ተናገረ። «ወደቅሁ» የሚለው ቃል ከአፉ አልወጣም።

ሲወጡ ማርሌኒ እውነቱን አልደበቀችም። «ረጅም ነው፤ ዓመታት ይወስዳል። ልንሸነፍም እንችላለን። ጣቢያው ልጁን እንዳይነካ ግን ዛሬውኑ ለዳኛ አመለክታለሁ።»

ዴያኒራ ከቅርጫቷ ያልታጠበውን ሸሚዝና ያልተከፈተውን የአስር አለቃ ጠርሙስ አውጥታ ሰጠቻት። የተናገረውንም ቃል በቃል ነገረቻት። ማርሌኒ ጠርሙሱን አገላብጣ አየችውና «ይህንንስ ከአፍዎ ዳኛ ይሰማዋል» አለች።

ዴያኒራ በሩ ላይ ወደቆመው ሐኪም ዞረች። «አሁንስ ይቻላል?»

«አሁን ይቻላል። አጥንቱ አልተሰበረም። ብቻ በቀስታ።»

የራሷ ጠርሙስ ከእሑድ ጀምሮ ቅርጫቷ ውስጥ ነበር። እቤት እስኪደርሱ አልጠበቀችም። ልጇን ደጅ ባለው አግዳሚ ላይ አስቀመጠችው፣ አረቄውን መዳፏ ላይ አፈሰሰች፣ እጇን ጎኑ ላይ አሳረፈች።

ኤይነር ሽቅብ አያት። «ዛሬስ አልተኮስሽም?»

«ዛሬ አልተኮስኩም።»

ያኔ ነው ልጇ፣ በፖሊሶቹ ፊት ያላለቀሰው፣ ፊቱን ትከሻዋ ውስጥ ቀብሮ ያለቀሰው። እሷም ማሸቷን አላቋረጠችም።