አራተኛው በር

የቴአትር ቤቱ መድረክ ወለል ላይ አምስት በሮች አሉ፤ አናጢው በነጭ ቀለም ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ጽፎባቸዋል። የእኔ ፕሮግራም የበሮቹን ዝርዝር ከላይ ጀምሮ እየሄደ በየተራ ይከፍታቸዋል። አንዱን ከመክፈቱ በፊት የተራ ቁጥሩን ከመድረኩ ሥር ወዳለው ስክሪን ይልካል፤ እዚያ ያሉት ሁለት ሠራተኞች ቁጥሩን አይተው ፍራሹን በሩ ሥር ይገፋሉ። ከሌሎቹ የሚወጣው ጭስ ብቻ ነው። አራተኛው ላይ ግን ታናሽ እህቴ ትቆማለች፤ ሲከፈት ቁልቁል ትወርዳለች። ታች ያለው ሲሚንቶ ነው።

«ልምምድ እንጀምር!» አለ አዘጋጁ። ከመቆጣጠሪያው ክፍል ሆኜ ቁልፉን ተጫንኩ። የመጀመሪያው በር ተከፈተ።

በጆሮ ማዳመጫዬ የሠራተኞቹን ሳቅ ሰማሁ። «ዜሮ ይላል እኮ! ዜሮ ቁጥር በር አለ እንዴ?»

«ተዘጋጁ ማለት ነዋ! አርፈህ ጠብቅ» አለው ሌላው።

ኮምፒውተር ከዜሮ እንደሚቆጥር የማያውቅ ጉድ አለ ብዬ ልስቅ ስል ክው አልኩ። ፕሮግራሙ ከዜሮ ይቆጥራል፤ አናጢው ከአንድ። አራተኛው በር ሲከፈት ስክሪኑ ሦስት ይላል፤ ፍራሹም ሦስተኛው ሥር ይሆናል።

ሁለተኛው ተከፈተ። «ፍራሹን ወደ ቀጣዩ በር ግፉት!» ብዬ ጮህኩ። ማዳመጫዬ መስሚያ ብቻ ነው፤ የትርዒቱ ሙዚቃም ድምፄን ዋጠው። ለፕሮግራሙ ማቆሚያ አልሠራሁለትም፤ ምን ያደርግልኛል ብዬ። ሦስተኛው ተከፈተ። እህቴ ዓይኗን ጨፍና፣ እኔን አምና ቆማለች። እንደዚያን ጊዜ ራሴን ጠልቼው አላውቅም። ተወርውሬ የሕንፃውን ዋና ማብሪያ ማጥፊያ ጎተትኩት።

ጨለማ ሆነ።

«አለሽ?» አልኩ። ደግሜ ጮህኩ።

«አለሁ። ምን ነካህ?»

መብራቱን መልሼ ነገርኳት። ምነው በጮኸችብኝ! «አስተካክለው» ብቻ አለችኝ።

ቆጠራው ከአንድ እንዲጀምር አደረግሁ፤ የአንድ መስመር ሥራ ነው። «አበቃ፤ አሁን ችግር የለውም» አልኳት።

«እርግጠኛ ነህ?»

«መቶ በመቶ።»

«እንግዲያው አንተ ቁምበት።»

እሷ ኮምፒውተሩ ጋ ተቀመጠች፤ እኔ አራተኛው በር ላይ ወጣሁ። ፕሮግራሙ ትክክል ነው፤ አውቃለሁ። ግን ፈራሁ።

«እናንተ፣ ፍራሹ አለ?» ብዬ ወደ ታች ጮህኩ።

«ገና አልተጀመረም እኮ!» አሉኝ።

እንደገና ጠየቅኳቸው።