ያልተነካው ብሎን

እህቴ መኪናዋን ወደ ጋራዤ ያመጣችው መሪው ስላስቸገራት ነበር። «ጋሼ፣ እኔ ቀጥ ብዬ ልሂድ ስል እሷ ወደ ፈለገችበት ትሄዳለች» አለችኝ። ከሥር ገብቼ ሳይ፣ ሞተሩንና መሪውን የተሸከመውን የብረት ክፈፍ ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዙት የጎማ ቡሺንጎች ተበጣጥሰዋል። በአሉሚኒየም ልቀይራቸው ተስማማን።

ከመጀመሬ በፊት «ፋብሪካው ይህን ሞዴል ለጥገና ጠርቶ አልነበረም?» አልኳት።

«ጠርቶ ነበር፤ ተሠርቷል» ብላ ወረቀቱን ሰጠችኝ።

መሪውን ከክፈፉ ጋር የሚያስሩት አራት ብሎኖች ስለሚሰነጠቁ በአዲስ ይቀየሩ ተብሎ ነበር። ወረቀቱ «ተቀይሯል» ይላል። ከታች ያለውን ፊርማ አወቅኩት፤ የባሏ ነው። አማቼ ጥገናው በተሠራበት የመኪና ሻጭ ድርጅት ጋራዥ ጥራት ተቆጣጣሪ ነበር።

ክፈፉን በክሪክ ደግፌ ዝቅ ሳደርገው ብሎኖቹን አየኋቸው። የድሮዎቹ ናቸው። ዝገቱና ጭቃው ተጋግሮባቸዋል፤ ቁልፍ የነካቸው ምልክት የለም። አንዱን ልፈታው ስል ግማሹ ተቆርጦ በቁልፉ ውስጥ ቀረ። ጥገናው ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። በዚህች መኪና ሁለቱ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ይመላለሳሉ። እሳት ጎርሼ ደወልኩለት። «ና» አልኩት፤ ሌላ ቃል አልጨመርኩም።

በነጭ ሸሚዙ መጣ። «ጋሼ፣ በሰላም ነው?»

«ከሥሯ ግባ።»

«በዚህ ልብስ?»

«በዚሁ ልብስ።»

ገባ። ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል። «በቀን ሃያ መኪና ይመጣል» አለ። «ሠራተኞቹ ጨርሰናል ካሉኝ እፈርማለሁ።»

«የሚስትህን መኪና?»

«ታርጋውን አላየሁትም።»

ልመታው እንዳሰብኩ አልደብቅም። በእጄ የያዝኩት ቁልፍ ቀላል አልነበረም። እህቴ ግን ቀደመችኝ፤ ድምጿን ከፍ እንኳ አላደረገችም። «ብታየው ኖሮ የኔን ብቻ ታስቀይር ነበር?» አለችው።

እሱ መሬት መሬቱን ያያል።

«ነገ ጠዋት አለቃህ ዘንድ ገብተህ የፈረምክባቸውን መኪኖች በሙሉ ታስጠራለህ። አለዚያ ይህን ይዤ እኔ እገባለሁ» አለችና የተቆረጠውን ብሎን ከቁልፉ ውስጥ አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ገባ። ለዚሁ ጥገና የፈረመበት ሠላሳ አንድ መኪና ተጠርቶ ሲፈተሽ አሥራ ዘጠኙ እንደ እህቴ መኪና ያልተነኩ ሆነው ተገኙ። አማቼን ከተቆጣጣሪነቱ አንሥተው ዕቃ ግምጃ ቤት መደቡት። እሱም አላጉረመረመም።

እኔ ደግሞ አሮጌዎቹን ቡሺንጎች በፕሬስ አወጣሁ፤ የአሉሚኒየሞቹን በቦታቸው አስገባሁ፤ አራቱንም አዲስ ብሎኖች ራሴ አጠበቅኩ፣ ደግሜም አጠበቅኩ። መኪናዋ አሁን ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ አሉሚኒየም እንደ ጎማ ስለማይለዝብ ግን ጠጠር በረገጠች ቁጥር ትጮኻለች። እህቴ ስለዚያ አንድም ቀን አላማረረችም። ባሏን ለሦስት ሳምንት ያናገረችው በልጆቹ በኩል ነበር።

ባለፈው እሑድ ቤታቸው ሄድኩ። አማቼ በሩን ከፍቶ እጁን ዘረጋልኝ። «እጄ ዘይት ነው» ብዬ ክርኔን ሰጠሁት። ያን ቀን ሥራ አልገባሁም ነበር፤ ታጥቤ፣ ተላጭቼ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ ነው የሄድኩት። እሱም አይቶታል። ክርኔን ጨብጦ አስገባኝ።