ጣሪያ አልባው ስፌት ቤት

ኢዝሜይ ሁለተኛውን እጅጌ እየገጠመች ሳለ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ሰለለ፤ መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተተከለ ቆመ። ቀና ብላ አየች። ከተራራው ጀርባ የመጣ ጥቁር ደመና ፀሐይዋን ውጧታል። ወደ ዋናው ደሴት የምትመለሰው ጀልባ ልትነሳ የቀረው ሦስት ሰዓት ብቻ ነው።

"ይኸው!" አለ ባሏ ሃድሊ፣ ደጅ ላይ መረቡን እየጠገነ። "የሶላሩ ባትሪ የሰፈሩን ስልክ ሲሞላ ውሎ ላንቺ ምን ይተርፍልሻል?"

እውነቱን ነው። ጠረጴዛው ሥር አሥራ አንድ ስልኮች ተሰክተዋል። አውሎ ነፋሱ ዩኒየን ደሴትን ካወደማት አራት ወሯ ነው፤ የመብራት ምሰሶዎቹ ዛሬም መንገድ ላይ እንደተጋደሙ ናቸው። በደሴቲቱ አሽተን መንደር ውስጥ ብርሃን ያለው የኢዝሜይ ቤት ብቻ ነው፤ እሱም ጣሪያው ሄዶ በሰማያዊ ሸራ ተሸፍኗል።

አውሎ ነፋሱ የመጣ ዕለት ሰው ሁሉ መስኮቱን በጣውላና በሚስማር ሲያሽግ፣ እሷ ጣሪያ ላይ ወጥታ ስድስቱን የሶላር ሰሌዳዎች ትፈታ ነበር። ሃድሊ ከታች ሆኖ፣ "ሰው ነፍሱን ያተርፋል፣ አንቺ መስታወት ታወርጃለሽ!" ብሎ ጮኾባታል። እሷ ግን ሰሌዳዎቹን በፍራሽና በፍራሽ መሃል አስተኛቻቸው። ለሦስት ዓመት የመርከበኞችን መጋረጃና ትራስ ሰፍታ የገዛቻቸው ናቸው። ንፋሱ ጣሪያውን ወደ ባሕር ሲወረውረው፣ ሰሌዳዎቹ አንድ ጭረት እንኳ አልነካቸውም። አሁን ጓሮ፣ በተረፈው ግድግዳ ላይ ተደግፈው ቆመዋል።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሚስተር ኮርኒሊየስ የሚባል ነጋዴ በጀልባ መጣ። ትምህርት ቤቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሊከፈት ነው፤ እሱም የደንብ ልብስ ለማሰፋት የልጆቹን ልክ ሊወስድ ነው የመጣው። መቶ ስልሳ ሸሚዝ፣ መቶ ስልሳ ጉርድና ሱሪ። ኢዝሜይ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠብቃ፣ "እኔ እሰፋዋለሁ" አለችው።

ሰውየው የወዳደቁትን ምሰሶዎች አየና ፈገግ አለ። "በምን መብራት፣ እመቤት?"

"በራሴ።"

"እንግዲያው አሥር ሰዓት ላይ ጀልባዋ ሳትነሳ አንድ ሙሉ ልብስ ያሳዩኝ።"

ጉርዱ አልቋል። ሸሚዙ ግን አንድ እጅጌ፣ ኮሌታና ስድስት ቁልፍ ይቀረዋል።

"ስልኮቹን ንቀላቸው" አለችው ሃድሊን።

"የሰው ስልክ? ኋላ ማን ሊሰደብ ነው?"

"ንቀላቸው!" የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። ኢዝሜይን እንደ አክስቷ ታንቲ እያለች የምትጠራት ጎረቤቷ ቨርሊን ነች፤ ስልኳን ልትወስድ መምጣቷ ነበር። "የሚቆጣ ካለ ወደ እኔ ይላኩት፣ ታንቲ። ሁለት ልጆቼ እኮ ሳይማሩ ተቀምጠዋል። ሌላስ ምን ጎደለ?"

"ካውያ። የጉርዱ እጥፋት ካልተተኮሰ ጆንያ ነው የሚመስለው። የኤሌክትሪኩን ብሰካ ደግሞ ባትሪውን በአንዴ ይጨርሰዋል።"

"የእናቴ የከሰል ካውያ አለ" አለችና ቨርሊን ስልኮቹን ነቃቅላ ሮጠች።

ኢዝሜይ መኪናውን ሞከረችው። እህ እህ ብሎ ዝም አለ። በግራ እጇ ጨርቁን ይዛ፣ በቀኝ እጇ ጎኑ ላይ ያለውን መዘውር ማዞር ጀመረች፤ ስፌቱ ተንሻፈፈ። ፈታችው። እንደገና ሞከረች፤ አሁንም ተንሻፈፈ።

ሃድሊ ትንሽ አያት። ከዚያ መረቡን ጥሎ ገባና እጁን በሱሪው ጠርጎ መዘውሩን ያዘ። "አንቺ ጨርቁን ያዢ። በቀስታ ነው በፍጥነት?"

"በቀስታ። ቁም ስልህ ቁም።"

እሱ ያዞራል፣ እሷ ትመራለች። እጅጌው ተገጠመ። ኮሌታው ተጀመረ። ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ሲንጠባጠብ፣ ሸሚዙ ላይ እንዳያርፍ አንገቱን አዞረ። ቨርሊን የከሰል ካውያውን እያራገበች ስትገባ አየቻቸውና በሳቅ ፈነዳች።

"ታንቲ፣ በፀሐይ የሚሠራ መስሎኝ! አሁን በምንድን ነው?"

"በሃድሊ!" አለች ኢዝሜይ፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳትነቅል።

ኮሌታው ሊያልቅ ሲል ደመናው ተገለጠ። ጥቂት ቆይቶ መኪናው በራሱ እርር ብሎ ተነሳና መዘውሩ ከሃድሊ እጅ አመለጠ። ሃድሊ ጣቶቹን እያራገፈ፣ "ምስጋናውም ይኸው ነው!" አለ።

ለአሥር ሩብ ጉዳይ ሲሆን ወደቡ ላይ ደረሰች። ሚስተር ኮርኒሊየስ ሸሚዙን ገለበጠ፣ ስፌቱን ሳበ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ከፍቶ ዘጋ። የጉርዱን እጥፋት በጣቱ ዳሰሰ።

"ዛሬ እኮ ደመና ነበር" አለ።

"ነበር። ግማሹን ባሌ በእጁ እያዞረልኝ ነው የሰፋሁት፤ አልዋሽዎትም። ከነገ ጀምሮ የስልኩ ባትሪ ለብቻ፣ የስፌቱ ለብቻ ይሆናል። በሦስት ሳምንት አደርሳለሁ።"

ሰውየው ሸሚዙን አጣጥፎ መለሰላት። "እንዲህ ያለ ስፌት እኛም ጋ አላገኝም። ሥራው የእርስዎ ነው። ሸሚዙን ለናሙና ይያዙት፤ ያልተለኩትንም ልጆች እርስዎ ይለኩ።" ከቦርሳው የሱቁ ስም የተጻፈበት የጨርቅ ምልክት ጥቅልል አወጣ። "ይህን ኮሌታው ውስጥ ይስፉልኝ።"

ኢዝሜይ ጥቅልሉን አገላብጣ አየችው። "እሰፋለሁ። ከሥሩ ግን የኛ መንደር ስም ይገባል።"

"ምን ያደርጋል? ልጆቹ እንደሆነ አያነቡት።"

"እናቶቻቸው ሲያጥቡት ያነቡታል። ይህ ካልሆነ ጥቅልልዎን ይያዙት።"

ጀልባዋ ጥሩንባዋን ነፋች። ሚስተር ኮርኒሊየስ ሳቀ፤ እጁን ዘረጋላት።

ቤት ስትገባ ሃድሊ መረቡ አጠገብ፣ ቨርሊን ደግሞ ካውያው አጠገብ ሆነው አፍ አፏን ያያሉ። "ቨርሊን፣ ነገ ጠዋት ልጆችሽን ይዘሽ ነይ፤ መጀመሪያ እነሱን እንለካለን። ከዚያ አንቺ ትቆርጫለሽ፣ እኔ እሰፋለሁ። በደመወዝ ነው" አለች። ቨርሊን እልል ስትል ሃድሊ ውኃ የቋጠረ መዳፉን ደበቀ።

ኢዝሜይ ነጭ ጥብጣብ ቆርጣ "በአሽተን የተሰፋ" የሚለውን በእጇ ጠለፈች። ከዚያ ሸሚዙን ጭኗ ላይ ዘረጋችና መቀሷን አንስታ፣ ከባሏ ጋር ላብ በላብ ሆነው የሰፉትን ኮሌታ፣ ጥብጣቡ እንዲገባበት ጫፉን መፍታት ጀመረች።