የሮቃና የግንብ ሰዎች

ፉርጎ መርማሪው ክፍሉ ግንቡ ሥር የቆመው ጥላ ፈልጎ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረውም፤ በኋላ ግን ይህን የሚያምንለት ሰው ጠፋ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የድሬዳዋ የባቡር ጥገና ሠራተኞች እስላሙም ክርስቲያኑም ያለበት አንድ መረዳጃ ማኅበር ነበራቸው። ሰው ሲሞት አብረው ይቀብራሉ፣ ሲታመም አብረው ይጠይቃሉ። በማኅበሩ ዳኛ ሽማግሌዎች ሻይ ፉት እያሉ ይስማማሉ፣ ሌላው «ይሁን» ይላል፣ አለቀ። ጃንሆይ ሕዝቡ እንደራሴውን ይምረጥ ባሉበት ዓመት ግን አገሩ ሁሉ ስለ ድምፅ ሲያወራ የኛዎቹም ቀኑ። «እኛስ ከማን እናንሳለን?» አሉ። ለዳኝነት የመጋዘኑ ሹም አቶ ሀብተ ማርያምና ባቡር ነጂው አቶ ዋርፋ ቀረቡ። ሁለቱም ተነሥተው የተናገሩት አንድ ነው፤ ማኅበሩ ይጠንክር፣ ሰው ይዋደድ። የምን መምረጥ ነው እንግዲህ? ቢሆንም ዋርፋን ያለ ከሮቃው ዛፍ ሥር፣ ሀብተ ማርያምን ያለ የመጋዘኑ ግንብ ጋ ይቁም ተባለ።

ጊዜው ረፋድ ነው፤ የድሬ ፀሐይ ደግሞ ለማንም አታዝንም። ከሮቃው ሥር ሰው ሞልቶ ጥላው አልቋል። አናቱ የተመለጠው ክፍሉ ግንቡን ተጠግቶ ቆመ፣ ተቆጠረም። አቶ ሀብተ ማርያም በጥቂት ሰው አሸነፉ። ክፍሉ ቀና ሲል አብዱላሂ ከሮቃው ሥር ሆኖ ትክ ብሎ ያየዋል።

አብዱላሂ የሥራ ጓደኛው ነው። ሁለቱ ፉርጎ መርማሪዎች ናቸው። አንዱ ከፉርጎው ሥር ተንጋሎ ፍሬኑን ሲፈትሽ፣ ሌላው ከውጭ ቀይ ባንዲራ ይዞ ይቆማል። ያ ባንዲራ እስካልወረደ ድረስ ሎኮሞቲቭ ወደ ፉርጎው አይጠጋም። ባንዲራ ያዡ ከዘነጋ ግን ከሥር ያለው ሰው ሬሳው እንኳ አይለቀምም። ክፍሉ ከወጣትነቱ ጀምሮ ነፍሱን ለዚህ ሰው እያስረከበ እንጀራውን በልቷል።

ምርጫው አለፈ ሲባል አላለፈም። በሚቀጥለው ስብሰባ ሰው ሁሉ በቆመበት በኩል ሄዶ ተቀመጠ። ቀጥሎ ሻይ ቤቱ ተለየ። ቀጥሎ ለቅሶው ተለየ፤ የሮቃ ሰው ሲሞት የግንብ ሰው ብቅ ብሎ ይመለሳል። ሃይማኖት ለያያቸው እንዳትሉ፣ በሁለቱም ወገን መስጊድ ሰጋጁም ቤተ ክርስቲያን ሳሚውም ነበረ። በአገሩ ፓርቲ የሚባል ነገር በሕልምም የለ፣ እነሱ ግን ጥላ ተከፋፍለው ሁለት ሆነው ቁጭ አሉ።

ክፍሉ ለሮቃዎቹ «እኔኮ ጥላ ፈልጌ ነው» ቢል ሣቁበት። ለግንቦቹ ቢነግር ደግሞ ባሰ። «ታዲያ ልብህ እዚያ ነዋ? ጆሮ ጠቢ ሆነህ ነው የመጣኸው?» አሉት። ከዚያ ወዲህ ሲገባ ጨዋታ ይቋረጣል።

ሚስቱ ዘነበች ደግሞ ከከፊራ ገበያ ወሬ ይዛ መጣች። «የሮቃዎቹ ሴቶች ምን እንደሚሉ ሰምተሃል? ‹የግንብ ሰው ዋጋውን ያገኛል› ይላሉ አሉ።»

«የሴት ወሬ።»

«የሴት ወሬ ነው እንጂ። ከፉርጎው ሥር የምትጋደመው ግን አንተ ነህ። ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር።»

ክፍሉ ተቆጣት። ሲቆጣት ግን ፍርሃት ገብቶበት ነበር፤ ለራሱም አልዋሸም።

በማግሥቱ መፍቻውን ይዞ ከፉርጎው ሥር ገባ። ከዚያ ሆኖ የሚታየው የአብዱላሂ እግር ብቻ ነው። ወርሳሜ የሚባል የሮቃ ሰው መጥቶ በሶማልኛ አንድ ነገር ተናገረ፤ ሁለቱ ሣቁ። ምን አሣቃቸው? በእኔ ይሆን? ትንሽ ቆይቶ ከወደ ለገሃር የሎኮሞቲቭ ጥሩምባ ተሰማ፣ ሐዲዱም ከጀርባው ሥር መንዘር ጀመረ። ክፍሉ ዞር ብሎ እግሮቹን ፈለገ። የሉም።

እንዴት እንደወጣ አያውቅም፤ ክርኑ ተገሽልጦ፣ ጠጠሩ ላይ በአራት እግሩ ተገኘ። አብዱላሂ ወደፊት ሮጦ ሐዲዱ መካከል ቆሟል፤ ባንዲራውን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ሎኮሞቲቩን ፊት ለፊት ገትሮታል። ነጂው ከሩቅ አቁሞ እጁን አወዛወዘ። አብዱላሂ መለስ ሲል ክፍሉን አየው።

«ጨረስክ?»

«አልጨረስኩም።»

«ታዲያ ምን አወጣህ?»

ክፍሉ የጉልበቱን ጠጠር አራገፈ።

«ፈራኸኝ» አለ አብዱላሂ ቀስ ብሎ። «ግንቡ ጋ ስትቆም ወላሂ አልከፋኝም አቦ። ሰው የወደደውን ይምረጥ ብዬ ተውኩት። ይሄ ግን ሌላ ነው። እኔ ልገድልህ?» ባንዲራውን ጠቅልሎ ፉርጎው ላይ አስቀመጠና ሄደ።

የዚያኑ ቀን አብዱላሂ አለቃውን ሌላ ጓደኛ ስጡኝ አለ። አለቃውም ጭቅጭቅ የሰለቸው ሰው ነበርና ሁሉንም እንደገና አጣመረ፤ ሮቃን ከሮቃ፣ ግንብን ከግንብ። ሰው ሁሉ ደስ አለው። ለክፍሉ ጥሩሰው የሚባል መርማሪ ደረሰው። ግንብ ከሚባሉት ሁሉ ግንብ ነው፤ ባንዲራውን ግን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ሲጋራውን ይለኩሳል፣ ከአላፊ አግዳሚው ጋር ያወጋል።

ክፍሉ ከፉርጎው ሥር ተንጋሎ «ጥሩሰው፣ አለህ?» ብሎ ጠራ። መልስ የለም። ሎኮሞቲቩ ጥሩምባውን ነፋ። ዞር ብሎ እግሮቹን ፈለገ፤ እንደገና የሉም። ልውጣ ብሎ ክርኑን ተመረኮዘና ተወው። ከወጣ ጥሩሰውን ጠረጠረ ይባላል፤ ጥሩሰውን የጠረጠረ ደግሞ የሮቃ ሰው ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ብሎኑን ማጥበቅ ቀጠለ።