ከሽንት ቤት ደጃፍ የሚባል ምስጋና

ባለቤቴ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። የሰፈራችን ሰው የተደፈነ ነገር ሲገጥመው ከእሱ ሌላ አይጠራም። የእኛ የወጥ ቤት ቧንቧ ግን ዓመት ሙሉ ጠብ ጠብ ሲል፣ "ነገ አየዋለሁ" ከማለት በቀር እጁን አላነሳለትም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው።

እኛ አይሁዶች ከሽንት ቤት ወጥተን፣ እጃችንን ታጥበን፣ ከበሩ ውጭ ቆመን የምንላት አጭር ቡራኬ አለች። ሰውን በጥበብ ለፈጠረው፣ በሰውነቱም ውስጥ መክፈቻና መተላለፊያ ላበጀለት ምስጋና ናት። ከእነዚያ አንዱ ቢደፈን ወይም አንዱ ቢፈነዳ ፈጣሪ ፊት ለመቆም እንደማንችል ትናገራለች። ለቧንቧ ሠራተኛ ተለክታ የተሰፋች ነው የምትመስለው። እሱ ግን ቀበቶውን ሳያጠብቅ ይጀምራትና፣ እርጥብ እጁን በሱሪው እየጠረገ፣ ምግብ ጠረጴዛው ጋ ሳይደርስ ይጨርሳታል። "አሁን ምን አልክ?" ስለው፣ "እሱ ሰምቶኛል፤ አንቺ ምን አገባሽ?" ይለኛል።

አንድ ቀን ሽንት እምቢ አለው።

የፕሮስቴት እጢው አብጦ የሽንቱን መንገድ ዘግቶበታል አሉንና ሆስፒታል ተኛ። ሽንቱ በቱቦ አድርጎ ከአልጋው ጎን ወደ ተንጠለጠለ ከረጢት ይወርድ ጀመር። ሽንት ቤት መሄድ የለ፣ መመለስ የለ። ረቢያችን ሊጠይቁት ሲመጡ፣ ስለ ሕመሙ ያወራቸዋል ብዬ ስጠብቅ ስለዚያች ቡራኬ ጠየቃቸው። "ጠዋት ጠዋት አንድ ጊዜ በላት፤ ለቀኑ ትበቃሃለች" አሉት።

እሳቸው እንደወጡ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"ምነው?" አልኩት።

"ስችል አልፈለግኳትም። አሁን ስፈልጋት በራሽን ሆነች።"

ልስቅ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ተውኩት። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል እንጂ፣ ወርቁ ሲወድቅበት በዓይኔ ያየሁት ሰው እሱ ነው። ምግብ አላማረውም፣ ቤቱም አልናፈቀው። እኔማ አጠገቡ ስለሆንኩ እንኳን ልናፍቀው ሰልችቼዋለሁ። የናፈቀው ከዚያ በር ወጥቶ፣ ቆሞ ማመስገን ነበር።

ቱቦው የሚወጣበት ቀን ሐኪሙ በጠዋት መጣ። "እስከ ማታ በራስዎ ከሸኑ ወደ ቤትዎ ይሄዳሉ። ካልሆነ ቱቦውን እንመልሰዋለን፤ ምናልባትም አብሮዎት ይኖራል" ብሎት ሄደ።

ባለቤቴ ውሃውን ይጠጣል፣ ይሄዳል፣ ባዶውን ይመለሳል። ጎኑ የተኙት ሽማግሌ ጫማ ሰፊ ናቸው። የእኛ እምነት ሰው አይደሉም፤ ግን እንደ ኳስ ጨዋታ ነበር የሚከታተሉት።

"እህስ?"

"ምንም።"

"አይዞህ ወንድሜ፣ ሁለተኛው አጋማሽ ገና ነው።"

ነርሷ ገብታ፣ "አባባ፣ የሚወርድ ውሃ ድምፅ ይረዳል፤ ቧንቧውን ልክፈትልዎ?" አለችው።

"ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማው ኖሬአለሁ። እኔ ላይ አይሠራም።"

ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወረድ ስትል ቀልዱ አለቀበት። ጎትቶ አጠገቡ አስቀመጠኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ፈርቻለሁ" አለኝ። አብረን ስንኖር ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼው አላውቅም። "ከቱቦው ጋር መኖሩን እኖራለሁ። ግን ደህና ሆኜ አንዴ እንኳ ከልቤ ሳልላት ልቀር ነው።"

"ተነስ" አልኩት። ክንዱን ይዤ ወሰድኩትና በሩ ላይ ቆምኩ።

"አለሽ?" አለኝ ከውስጥ።

"የት እሄዳለሁ?"

"ዝም አትበይኝ። የሆነ ነገር አውሪ።"

ምን ላውራ? ጭንቀት ሲይዘኝ አፌ የሚሮጠው ወደ ለመደው ነው። የወጥ ቤቱን ቧንቧ አነሳሁበት። "የሰው ቧንቧ ለመጠገን ከአልጋህ ዘለህ ትነሳለህ፤ የእኔው ሲንጠባጠብ ግን ጆሮህ አይሰማም። ጠብ ጠብ እያለ ስንት ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ! ነገ አየዋለሁ፣ ነገ አየዋለሁ፤ ነገህ መቼ ነው የሚነጋው? ከሥሩ ያስቀመጥኩት ባልዲ እንኳ . . ."

ከበሩ ወዲያ ጠብ የሚል ነገር ሰማሁ። አፌ ተዘጋ።

"ቀጥይ" አለኝ ከውስጥ። "ባልዲው ምን ሆነ?"

"ባልዲው ዛገ!" አልኩ። እንባዬ በጉንጬ እየወረደ ስለዚያ ባልዲ የማልለው አልነበረም። ጠብታው እየበረታ ሄደና መውረድ ጀመረ። እኔ እንደዚያ ደስ የሚል ድምፅ ሰምቼ አላውቅም፤ በሠርጌም ቀን ቢሆን።

ከዚያ ውሃ ተከፈተ፤ እጁን ታጠበ፤ በሩ ተከፈተ። ሱሪው ላይ አልጠረገም። እጆቹ ውሃ እያንጠባጠቡ ኮሪደሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመና ጀመረ። እያንዳንዱን ቃል ለብቻው፣ እንደሚጣፍጥ ነገር አፉ ውስጥ እያቆየ። አንዱ ቢደፈን የሚለው ጋ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ። ቆመ፤ ተነፈሰ፤ ሥጋን ሁሉ ለሚፈውሰው፣ ድንቅንም ለሚያደርገው ብሎ ጨረሰ።

"አሜን" አልኩ።

"አሜን!" አሉ ጫማ ሰፊው ከአልጋቸው፣ ጎል እንደገባላቸው ሰው።

ወደ ቤታችን ተመለስን። አሁን ችግሬ ሌላ ነው። ያለን ሽንት ቤት አንድ ነው፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ በሩ ላይ ሲያመሰግን እኔ እግሬን አቆላልፌ እጠብቃለሁ። አሜን ብዬ ሳልጨርስ ነው የምገባው። ተመስገን ነው፤ የማማርረውም ደስ ብሎኝ ነው።

ትናንት መፍቻውን አውጥቶ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ሊሠራ ተንበረከከ። እኔ ከሽንት ቤት ወጥቼ፣ እጄን በቀሚሴ እየጠረግሁ፣ እንደ ልማዴ እየተራመድኩ ቡራኬዋን ልጀምር አፌን ከፈትኩ። የመፍቻው ድምፅ ቆመ። አሻግሬ ሳየው መፍቻውን መሬት ላይ አስቀምጦ ቀና ብሏል። አሜን ሊለኝ እየጠበቀ ነበር።

ወደ በሩ ተመልሼ፣ ቀጥ ብዬ ቆምኩና ጀመርኩ።