አራት የጥጃ ቆዳ

ጴጥሮስ ማዳበሪያውን ባንኮኒው ላይ ገለበጠው። አራት የጥጃ ቆዳ አንዱ ባንዱ ላይ እየተንሸራተተ ለሠርግ የታዘዙት ነጭ ነጠላዎች ላይ ተዘረገፈ። ጥለት ስታማርጥ የነበረችው ደንበኛ አፍንጫዋን በሻርፗ ይዛ ወጣች። የሱቁ ባለቤት ሐመልማል ከባንኮኒው ኋላ ብድግ አለች።

«ቆዳው የታለ ብለሽኝ አልነበር? ይኸው ቆዳው!» አለ ጴጥሮስ።

የርቢ ከብት ወጉ እንዲህ ነው። ባለቤቱ ላሞቹን ይሰጣል፣ አርቢው ያረባል፣ የሚወለደውን እኩል ይካፈላሉ። ጥጃ ከሞተ አርቢው ቆዳውን ያሳያል፤ ቆዳ ያላሳየ ሸጦ እንደ በላ ይቆጠራል። ይህ ግን ለባዳ ነው እንጂ ወንድሙን ቆዳ የሚጠይቅ ሰው የለም። ሐመልማል ተናዳ በስልክ ጠየቀችው እንጂ ከወልቂጤ ድረስ ተሸክሞ መጥቶ ሸማ ተራ መሃል ይዘረግፈዋል ብላ አላሰበችም። ሃያ ሁለት ዓመት ነጠላና ጋቢ ስትሸጥ እንዲህ ያለ ጉድ አይታ አታውቅም። ከቆዳዎቹም ይልቅ ያስደነገጣት ታናሽ ወንድሟ ከገባ ጀምሮ አንድ ጊዜም «እታለም» አለማለቱ ነበር።

«አብደሃል? የሰው ዕቃ ነው እኮ!»

«እኔስ ሰው አይደለሁም፣ ሐመልማል? ለእትዬ ሠርኬ ደውለሽ፣ ጴጥሮስ ላሞቹን እያለበ ቅቤ ሲሸጥ ጥጃዎቹን በረሃብ ፈጃቸው አላልሽም? ልጄ ከትምህርት ቤት እያለቀሰች ነው የመጣችው። የሌባ ልጅ ተብላ!»

እትዬ ሠርኬ አክስታቸው ናቸው፤ ለእሳቸው መንገር በሬዲዮ ከማስነገር አይተናነስም። ይህን እያወቀች ነው የነገረቻቸው።

ጎረቤቷ ጋሼ ዱባለ ጩኸቱን ሰምተው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ እንደሰቀሉ ገቡ። የክር ጅምላ ነጋዴ ናቸው፤ ሰው ሲጣላ ግን ሳይጠሩ መጥተው ሽማግሌ ይሆናሉ። ደግሞም ለዚህ ቤት ከብት ባዳ አይደሉም። የሐመልማልን ኮርማ፣ ሻምበልን፣ አገር ቤት ላሉት ጊደሮቻቸው ሊወስዱት ተስማምተዋል።

«ቀስ በሉ እንጂ! ሰው ይሰማል» አሉ።

«ሰው ከሰማ ቆየ፣ ጋሼ» አለ ጴጥሮስ።

ጋሼ ዱባለ ባንኮኒው ላይ ያለውን አዩና አማተቡ። «አራቱም የዘንድሮ ናቸው?»

«የዘንድሮ ናቸው።»

«ቆዳ መሞታቸውን ነው የሚናገረው፤ የገደላቸውን አይናገርም» አለች ሐመልማል ትንፋሿን ሰብስባ። «እነዚህ የወተት ላሞች አይደሉም፣ ጋሼ። የሰንጋ እናቶች ናቸው። ወተቱ የጥጃው ነው ተባብለን ነው የሰጠሁት። እስቲ ይጠይቁልኝ፤ አልቧል ወይስ አላለበም?»

«መልስላት፣ ልጄ።»

«አልቤያለሁ» አለ ጴጥሮስ።

ሐመልማል ክው አለች። ይክዳል ብላ ነበር የጠበቀችው። ጋሼ ዱባለም ሊናገሩ ሲሉ ከክር ሱቁ «ጋሼ! የሐዋሳው ደንበኛ መጥቷል!» የሚል ጥሪ ተሰማ። «እስክመለስ ክፉ ቃል እንዳትነጋገሩ» ብለው በጣታቸው አስጠንቅቀዋቸው ወጡ።

ጴጥሮስ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልኩን አወጣ። «ይሄን እዪ። ከዚያ በኋላ ሌባ በዪኝ።»

ቪዲዮው ላይ አዲስ የተወለደ ቀይ ጥጃ እግሩ እየተብረከረከ እናቱ ሥር ገባ። ጥጃ ጡት የሚፈልገው ወደ ላይ አንጋጦ ነው። ይሄኛውም አንጋጠጠ። ሆዷን ላሰ፣ ጭኗን ላሰ፤ የሚፈልገው ነገር እዚያ አልነበረም። ግቷ ተንዘላዝሎ ቋንጃዋ ድረስ ወርዷል፤ ጡቶቿም እንደ ጠርሙስ ወፍረዋል። ጥጃው በስንት መከራ አንዱን አገኘና አፉን ከፈተ። አልገባለትም። እንደገና ሞከረ። በሦስተኛው ጉልበቱ ታጥፎ ወደቀ። «ኧረ እርዳው!» የሚል የሴት ድምፅ ተሰማ፤ የጴጥሮስ ሚስት ናት።

«እንገሩን፣ የመጀመሪያውን ወተት፣ በጊዜ ካልጠጣ ጥጃ አይቆምም» አለ ጴጥሮስ። «እያለብኩ በጠርሙስ አጠጣሁ። አራቱም ላሞች ባንድ ሳምንት ነው የወለዱት፣ የኔ እጅ ስንቱን ያደርሳል? አንዱን ሳነሳ አንዱ ይወድቃል። ካላለብኳቸው ደግሞ ግታቸው ደንድኖ ይቆስላል። ሲያልብ አየነው ያሉሽ ሰዎች ጠርሙሱን አላዩም።»

ሐመልማል ቪዲዮውን ደግማ አየችው። የጋቢ ክምር ላይ ተቀመጠች። ይህን ግት ታውቀዋለች። ለመስቀል አገር ቤት በወረደች ቁጥር፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እናቷ እንዲህ ያለ ግት ሥር ተንበርክከው የጥጃ አፍ በጣታቸው ሲከፍቱ አይታለች።

«ይሄ የቦሬ ግት ነው» አለች። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ቦሬን እኮ ሸጠናታል! ስምንት ዓመት ሆናት። እማዬ ከዘሯ አታስቀሩ ብላ ሴት ጥጃዎቿንም አብረን ሸጠናል!»

«ሴቶቹን ሸጠናል» አለ ጴጥሮስ ቀስ ብሎ።

ሐመልማል እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሻምበል የቦሬ የመጨረሻ ልጅ ነው።

እናቷ እሱንም ሽጡት ብለው ነበር። እምቢ ያለችው ሐመልማል ናት። ደረቱ ሰፊ፣ ወገቡ የተደላደለ፣ ያየው ሁሉ ቆሞ የሚያደንቀው ወይፈን ነበር። «ወንድ ጡት የለው፣ ምን ያወርሳል?» ብላ ስቃለች። እናቷን አይተህ ልጇን አግባ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ስለ ሴት ልጅ ነው፤ የኮርማን እናት ማን ይጠይቃል? ዘር ግን ከልጓም ይስባል።

«አራቱም ላሞች የሱ ልጆች ናቸው?»

«አራቱም። የነሱ እናቶች ግታቸው ደህና ነው፤ ያሳደጓቸውን ጥጃዎች አይተሻል። የእንስሳት ባለሙያው መጥቶ የያንዳንዷን እናትና አባት ጠየቀኝ። ኮርማውም የእናቱን ግት ለሴት ልጆቹ ያወርሳል ሲለኝ እኔም እንዳንቺ ነው የደነገጥኩት። ገና ያልወለዱ አምስት ጊደሮች አሉ።»

«አምስት!» አለች ሐመልማል። ደጅ ተሸካሚዎች መንገድ ልቀቁ እያሉ ይጮኻሉ፤ ወሬ ያሸተቱ ጎረቤቶችም በሩን ሞልተውት ነበር።

ጋሼ ዱባለ እየሳቁ መሃላቸው አልፈው ገቡ። «ዝም ተባባላችሁሳ! ታረቃችሁ ማለት ነው? እሰይ! እኔም ሐሙስ መኪናውን እልካለሁ። ሰባት ጊደር ሻምበልን እየጠበቀ ነው።»

ጴጥሮስ መሬት መሬት አየ። ኮርማው የእህቱ ነው፤ መናገርም ዝም ማለትም የእሷ ፋንታ ነው። ሐመልማል ቆዳዎቹን አየች። ዝም ብትል ጋሼ ዱባለ የሚያውቁት ከአራት ዓመት በኋላ፣ የሻምበል ልጆች መውለድ ሲጀምሩ ነው። ያን ጊዜ እሳቸውም አርቢያቸውን ቆዳው የታለ ይሉታል።

«ጋሼ፣ ለቢላ ከሆነ ይውሰዱት» አለች። «ለዘር አልሰጥዎትም።»

«ምን ሆነ ደግሞ?»

«የእናቱ ግት መጥፎ ነበር።»

ጋሼ ዱባለ ሳቃቸውን ለቀቁት። «ምን ነካሽ ልጄ! ወንድ ጡት የለው!»

የገዛ ቃሏን ከሽማግሌው አፍ ሰማች። ከአራቱ ትንሿን ቆዳ አንስታ እጃቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። «ይህን ያመጣው ሻምበል ነው። ጴጥሮስ፣ አሳያቸው።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውርደው ቪዲዮውን አዩ። ጥጃው ሲወድቅ «ውይ!» አሉ። ከዚያ ቆዳዋን በቀስታ መልሰው አስቀመጡና ሐመልማልን አዩዋት።

«ታዲያ ይሄን ልጅ አገር ለአገር ሌባ አሰኝተሽዋላ!»

ሐመልማል ስልኳን አወጣች። የእትዬ ሠርኬን ስም ፈልጋ አገኘች። ጴጥሮስ የማንን ቁጥር እንደነካች አየና በሩ ላይ ወደ ተኮለኮለው ሰው ዞር ብሎ ተመለከተ።

«ይቆይ፣ እታለም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰው አለ። በኋላ ትደውያለሽ።»

«ሰው ባለበት ነው» አለችው።

ድምፁን የመጨረሻው ላይ አድርሳ፣ ስልኩን ቆዳዎቹ መሃል አስቀመጠችውና መጥራት ሲጀምር ቆማ ጠበቀች።